የቤታችን ዝምታ

መሥሪያ ቤት «ጋሼ መቀስ» ይሉኛል። እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ ካለ ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የሰው ንግግር ስቆርጥና ስቀጥል ጸጉሬ ሸበተ። ሳል አወጣለሁ፣ «እእእ» አወጣለሁ፣ ሦስቴ የተባለውን አንዴ አደርገዋለሁ። ስንቱ አዋቂ ነኝ ባይ እኔ ባላሳጥረው ኖሮ ሚስቱም አትሰማውም ነበር።

በየሳምንቱ ስለ ቫይረስና ስለ ተላላፊ በሽታ የሚያወራ ፕሮግራም አለን። አዘጋጇ ምላሷ ጤፍ የሚቆላ ወጣት ናት። አድማጭ ይጠይቃል፣ አንዲት የቫይረስ ተመራማሪ ካለችበት ሆና መልሷን ቀድታ ትልካለች። ተመራማሪዋ ልጄ ናት። አድማጭ ይህን አያውቅም፤ አዘጋጇ ታውቃለች፣ ግን የሚገርመው አፏን ይዛልኛለች።

ልጄ ያለችው ሩቅ ነው። ከሌሊት ወፍ ወደ ሰው የተሻገረ ቫይረስ የሚከታተሉ ሰዎች ጫካ ዳር ጣቢያ ሠርተዋል፤ እናቷን ከቀበርን ወዲህ ከእነሱ ጋር ናት። ስልክ እዚያ እንደ ልቡ ነው። ሲሠራም «አባዬ፣ ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» «ደህና» ተባብለን እንዘጋለን። ሁለታችንም ስልክ ስንይዝ ምላሳችን ይታሰራል። እናቷ በሕይወት ሳለች የሁላችንንም ድርሻ የምታወራልን እሷ ነበረች።

ስለዚህ ልጄን የማገኛት አድማጭ በሚያገኛት መንገድ ነው። ያለኝ ብልጫ ቀድሜ መስማቴ ብቻ ነው። አንዴ አንድ ሰው «ቫይረስ ራሱ ይታመማል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

«ይታመማል ማለት ይቻላል» አለች። «ግዙፍ የሚባሉ ቫይረሶች አሉ፤ ግዙፍ ስል እንግዲህ በቫይረስ ሚዛን ነው። እነሱ ውሃ ውስጥ ያለች አንዲት ደቂቅ ሕዋስ ሰብረው ገብተው መባዛት ሲጀምሩ፣ ከኋላ ሌላ ትንሽ ቫይረስ ይመጣና የዘረጉትን ሥራ ጠልፎ ለራሱ መራቢያ ያደርገዋል። ሌባ የሚሰርቅ ሌባ በሉት።»

አነጋገሯ የእናቷ ነው።

በሙያችን አንድ ደንብ አለ። እንግዳ ተናግሮ ሲጨርስ ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እኛ ያን ዝምታ እንቀዳለን። ለማያውቅ ሰው እብደት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው። ሳል ቆርጬ ያወጣሁበትን ቀዳዳ በዚያው ክፍል ዝምታ ካልደፈንኩት የአድማጭ ጆሮ ይደናቀፋል። የአንዱን ክፍል ዝምታ ለሌላው ማልበስ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አንድ ተማሪዬን በዚህ ምክንያት ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ።

ልጄ ይህን ደንብ ከእኔ ተምራለች፣ ሳትረሳም ትልካለች። እኔ ግን አልጠግብ አልኩ። «ዝምታው አጠረኝ፣ ረዘም ይበል» ብዬ በአዘጋጇ በኩል ላክሁባት። ረዘም ያለ መጣ። አሁንም አጠረኝ አልኩ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ወንበሯ ሲንቋቋ ይሰማል፣ ማንኪያ ብርጭቆ ይነካል፣ አንዳንዴ ዝናብ ጣሪያውን ይመታል። ከሁሉም በላይ ትንፋሿ አለ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትተነፍስ አፍንጫዋ ትንሽ ያፏጫል፤ አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ የሰማሁት ያው ፉጨት ነው። ለሥራው ጣት የምታህል ቆርጬ የቀረውን በምሳ ሰዓት ማዳመጫ አድርጌ እሰማዋለሁ።

«ጋሼ፣ ምን እየሰሙ ነው እንዲህ ብቻዎን ፈገግ የሚሉት?» አለችኝ አዘጋጇ።

«ምንም» አልኳት። አልዋሸሁም።

ከዚያ አንዲት እናት ስለ አልማዝ ባለጭራ ጠየቁ። ጎናቸውን ይዞ እንደ እሳት የሚለበልብ ሽፍታ ወጥቶባቸው ኖሯል፤ ጎረቤት «ሰው በልቶሽ ነው» ብሏቸዋል።

«እማማ፣ ማንም አልበላዎትም» አለች ልጄ። «በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ነበር አይደል? ያኔ ጉድፉ ጠፋ እንጂ ቫይረሱ አልሄደም። የነርቭ ሥር ውስጥ ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ። ሰው አርጅቶ አቅሙ ሲደክም ይነሳል። ዛሬውኑ ሐኪም ጋር ይሂዱ፣ መድኃኒቱ የሚበጀው ቶሎ ሲጀመር ነው። ዛሬ ክትባትም አለው። ዝም ያለ ሁሉ የለም ማለት አይደለም።»

ከዚያ እንደ ደንቡ ዝምታው መጣ። ጆሮዬን አመቻችቼ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። ትንሽ ቆይቶ ዝምታው ተናገረ።

«አባዬ፣ እዚህ ድረስ የምትሰማው አንተ ብቻ እንደሆንክ አውቃለሁ። ይሄን ሁሉ ዝምታ ምን ልታደርግበት ነው? አንተ ጋ አይደል እንዴ ያደግኩት? ለአንድ ሳል ስንት እንደሚበቃ አጣሁት?» ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ይኸውልህ፣ አንድ ዓመት ጨምሪ እያሉኝ ነው። ወሩ ሳያልቅ መልስ ይፈልጋሉ። የሚተካኝ ሰው አለ፤ ግን ሥራውን እወደዋለሁ። ቤቴም ናፍቆኛል። አንተን ብጠይቅህ ‹እንደመሰለሽ› ነው የምትለኝ፣ ስለዚህ አልጠይቅህም። የቤታችንን ዝምታ ቅዳና ላክልኝ። ወጥ ቤቱን። እሱን ሰምቼ እወስናለሁ።»

ማዳመጫውን አውልቄ ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ቤቷ ትግባልኝ። ይህን አፍ አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም። የታመሙ ሰዎች ደጅ የቆመችን ልጅ አባት ነኝ ብዬ በምን አፌ ልጎትታት?

እሑድ ጠዋት መቅጃውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ የጎረቤት በር ይዘጋል። መልሼ ሰማሁት። ጥሩ ቀረጻ ነው፤ የኛ ቤት ግን አይደለም። የሆነ ነገር ጎድሏል።

ቧንቧው ነው። ልጄ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ፊደል ስትቆጥር ያንጠባጥብ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ያንጠባጥብ ነበር። እናቷ «ይሄ ቧንቧ እኔን ሳይቀብር አያቆምም» ትል ነበር፤ እንዳለችውም ቀበራት። ልጄ ከሄደች በኋላ ብቻዬን እሱን መስማት አልቻልኩም። ባለሙያ ጠርቼ ጎማውን አስቀየርኩት፤ እነሆ ጸጥ አለ።

መፍቻ ፈልጌ መጣሁ። ትንሽ ላላ አደርገዋለሁ ብዬ ብጠመዝዘው ውሃው ፊቴን ገርፎ እስከ ደረቴ አራሰኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳስተካክል ኖሬ አንዲት ጠብታ ማስተካከል አቃተኝ። ሳጠብቅና ሳላላ ረፋዱ ሄደ። በመጨረሻ ጠብ አለ። ቆየና ጠብ አለ። የተጭበረበረ ዝምታ እየሠራሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ያኮረፍኩትን ተማሪ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

እርጥብ ሸሚዜን እንደለበስኩ ተቀመጥኩና መቅጃውን ከፈትኩ። ትንፋሼን ውጬ ጠብታውን ሳዳምጥ የእናቷ ወንበር ፊት ለፊቴ ነበር፣ የሷም ከጎኑ። አፌ ሳላዘው ተከፈተ። «ነይ እንግዲህ፣ ልጄ። ነይ።»

በማግሥቱ ስቱዲዮ ገብቼ ያችን «ነይ» ቆረጥኳት። የተጠየቅሁት ዝምታ ነው፣ አልተናገርኩም። ሁለቱን ጫፎች ገጥሜ ላክሁላት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና ማዳመጫዬ እናውቃለን። አዘጋጇ እንኳን ወሬዋን ቀነሰችልኝ።

የሚቀጥለው መልስ ሲመጣ ጥያቄውን ትቼ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ዘለልኩ።

«አባዬ፣ ሰማሁት» አለች። «መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ሳቅሁ። ያ ጠብታ የኛ አይደለም። የኛ ሁለቴ ጠብ ጠብ ይልና ያርፋል፤ ይሄ እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው። ብለህ ብለህ ቧንቧ አበላሸህልኝ?» አፍንጫዋ ያፏጫል። «ግን መሃል ላይ አንዱ ጠብታ ከሌላው ጋር ተደረበ። ቆርጠሃል። ምን ነበር አባዬ?»

ጉድ ፈላ! ሰዓት የሚቆጥርበት ክፍል ውስጥ የተቀዳ ድምፅ አይቆረጥም፤ ምቱ ይዘላል። ይህን ለተማሪ የማስተምረው መጀመሪያ ቀን ነው። በገዛ እጄ ሰዓት ሠርቼ በገዛ መቀሴ ቆረጥኩበት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ያወጣው ቧንቧ ነው።

የቆረጥኩትን አልጥልም፣ ልማዴ ነው። ፈልጌ አገኘኋት። እንዳልጸጸት ቶሎ ብዬ፣ ከፊቷም ከኋላዋም ዝምታ ሳልቀጥልባት፣ እንደ ተናገርኳት ላክሁላት።

ሳምንቱ ዞሮ አዲሱ ቀረጻ መጣ። ጥያቄው ስለ ፍሳሽ ነበር። ሰዎች ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት ቫይረሱ ከመጸዳጃቸው ወርዶ ፍሳሹ ውስጥ እንደሚገኝ፣ የፍሳሽ ውሃ የሚመረምሩ ሰዎች ወረርሽኝ መምጣቱን አስቀድመው ሊያዩ እንደሚችሉ ታስረዳለች። መሃል ላይ ሁለቴ ሳለች፤ አቧራ ነው፣ ካርቶን ስትጎትት ይሰማል። ተናግራ ጨረሰችና ቀረጻው ቀጥ አለ። ዝምታ የለም። አንዲት ጣት እንኳን የለም።

ድንጋጤዬን በቁጣ ሸፈንኩት። «ዝምታውን የት አደረሰችው? ሳሉን በምን ልድፈነው?» ብዬ አዘጋጇ ላይ ጮህኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ላይ ምን አስጮኸዎት?» አለች። «ጠይቄያት ነበር እኮ። ‹ክፍሉን እየለቀቅሁ ነው፣ ዕቃ እየሸከፍኩ የቀዳሁት ነው። ጋሼ መቀስ ዝምታ ከፈለገ የሚቀጥለውን እዚያው ስቱዲዮ ከጎኑ ተቀምጬ ዝም እልለታለሁ በይው› አለችኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አዘጋጇ አቀርቅራ በወረቀቶቿ ተጠመደች፤ ልጅቷ ስታውቅበት ታውቅበታለች።

ያን ሳምንት የልጄ ሳል ሳይቆረጥ ተላለፈ። ስለ ተላላፊ በሽታ የምታወራ ሴት አየር ላይ ስትስል የሰማ አድማጭ ዝም ይላል እንዴ? ፕሮግራሙ ሳያልቅ ስልኩ መጮህ ጀመረ። አዘጋጇ መነጋገሪያውን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ዶክተሯ ታማለች ወይ እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?»

«ደህና ናት» አልኳት። «ቤቷ እየመጣች ነው በያቸው።»