ከመጨረሻው ገጽ የሚጀምር ሰው

«መጀመሪያ ኪሱን ፈትሺ» አለቻት አክስቷ ሳቱርኒና፣ የሟቹን ካፖርት ለኖርካ እያቀበለቻት። «ውሃ ከነካው በኋላ ያበቃለታል።»

በቺልካዮክ መንደር ሰው በሞተ በአምስተኛው ቀን ልብሱ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ኖርካ የአባቷን ኪሶች ገለበጠች፤ ከአንድ መሐረብ በቀር ምንም አልነበረም። ለማጠብ አብረዋቸው የወረዱት ሴቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የበቆሎ ንፍሮ እየቆረጠሙ ያንሾካሹካሉ።

«የውሃ ምንጫችንን ለማዕድን ኩባንያው የፈረመለት እሱ ነው አሉ» አለች ባሲልያ።

«ጠበቃቸው አይደል? ምን ያድርግ?»

«ተዪ ባሲልያ፣ ነፍስ ይማር እንበል ብቻ።»

ነፍስ ይማር ሲሉ እንኳ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። የኖርካ አባት ፎርቱናቶ በማዕድን ኩባንያው የሕግ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ፣ ገበያ ላይ እጁን የማይጨብጡት ነበሩ። ልጁ ሕግ ተምራ እዚያው ቢሮ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ደግሞ «አንዱ አልበቃ ብሎ» ተባለ። እሱ ለማንም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ዝምታው ኖርካን ያበሽቃት ነበር፤ ሞቶም ያበሽቃታል።

እኩለ ቀን ላይ ነጭ መኪና ድልድዩ ጋ ቆመ። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኢባርሴና ጥቁር ከረባት አስሮ፣ ማህደር በብብቱ ይዞ ወረደ።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ኖርካ። አባትሽ ለእኔ ወንድም ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር።»

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የምንጩ ፈቃድ ማመልከቻ ሰኞ መግባት አለበት። የሕግ አስተያየቱ ይኸውልሽ፤ ነዋሪው ምንጩን ለመልቀቅ ተስማምቷል ይላል። አባትሽ አሥራ አራቱን ገጽ ፈርሞበታል፣ አሥራ አምስተኛው ላይ ሞት ቀደመው። እሷን አንቺ ፈርሚለት፣ ሥራውን ጨርሺለት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮንትራትሽም የሚታደሰው በዚሁ ወር ነው።»

ሴቶቹ ማሸታቸውን አቆሙ። ኖርካ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ማህደሩን ከፈተች። ከአንድ እስከ አሥራ አራት፣ በየገጹ ጥግ የአባቷ አጭር ፊርማ አለ። እውነት ነው ማለት ነው፣ ሸጦናል።

መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ትዝ አላት። አንድ ውል ከላይ ማንበብ ስትጀምር አባቷ ቀምቶ ገለበጠው። «የኩባንያ ሰው የሚደብቀውን መጨረሻ ላይ ነው የሚደብቀው። ከኋላ ጀምሪ፣ የተስማማሽበትን ብቻ እየፈረምሽ ወደ ፊት ነይ። ያልተስማማሽበት ጋ ቁሚ።» ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነበር የሠራው፤ ጸሐፊዎቹ ይስቁበት ነበር። እሱ ጀምሮ የተወው ሰነድ ፊርማ የሚጎድለው የፊተኞቹ ገጾች ላይ ነው።

እዚህ ግን ፊርማ የጎደለው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር።

«ዶክተር፣ ይኼን አባቴ አልፈረመውም።»

«ሐዘን ላይ ነሽ፣ ልጄ።»

«ሐዘን ላይ ነኝ እንጂ አልታወርኩም። አባቴ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ፈርሞ አያውቅም። እርስዎ ይኼን ሁሉ ዓመት አለቃው ሆነው አንድ ቀን እንኳ ሲሠራ አላዩትም።»

ኢባርሴና ፊቱ ቀላ። እጁን ዘረጋ። «አምጪው። የኩባንያ ምስጢር ነው። ጠበቃ ነሽ፣ ግዴታሽን ታውቂያለሽ።»

«ምስጢር እጠብቃለሁ። በሞተ ሰው ስም መፈረም ግን ምስጢር አይባልም። ሰኞ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ እኔው እወስደዋለሁ።»

ማህደሩን ለሳቱርኒና አቀበለቻት። ሳቱርኒና ደረቅ ድንጋይ ላይ አኖረችውና ከነድርብርብ ቀሚሷ ቁጭ አለችበት።

«ና ውሰደው፣ ጌታዬ» አለችው።

አንዷ ሴት ሳቀች፤ በአምስት ቀን ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። ሰውየው የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ቢሮ እንዳላይሽ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ስታማ የነበረችው ባሲልያ ተነሥታ መጣች፤ ከኖርካ ክምር የሟቹን ሱሪ አንሥታ፣ አቀርቅራ ማጠብ ጀመረች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ኖርካም ይቅርታዋን አልፈለገችም፣ ማጠቧ በቃት።

በመጨረሻ ነጩ ሸሚዝ ቀረ። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አለ።

«አጥብቀሽ ፈትጊው» አለች ሳቱርኒና። «እድፍ ከቀረበት ነፍሱ አትሄድም።»

ኖርካ ቀለሙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። አምስት ቀን ሙሉ እምቢ ያለው እንባ አሁን መጣ፤ አልጠረገችውም።

«ነፍሱ እስከ ሰኞ ትቆይ» አለች፤ ሸሚዙን ከነቀለሙ ጨምቃ ሣሩ ላይ አሰጣችው።