አትነሱ ያለው ደላላ

ኑ፣ ወዲህ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ አግዳሚው ይበቃናል። የዘመናይን ነገር ላውራችሁ።

ዘመናይ አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባሉት የቀበሌ ቤቶች ትኖራለች። ባጃጅ ተራው ላይ ሻይና ብስኩት ትሸጣለች። ምላሷ ምላጭ ነው፤ ልቧ ግን ቁስል አለበት። ያቆሰላት ገብረወልድ የሚሉት ደላላ ነው።

እናቷ እማማ የሺዓለም በሌላ ሰፈር ዕድሜ ልካቸውን በቀበሌ ቤት ኖረዋል። ገብረወልድ ከየደጁ ለብቻ ለብቻ እየተቀመጠ፣ ጉልበት እየሳመ፣ «እማማ፣ እርስዎ እኮ የልማት ተነሺ ነዎት፤ ምትክ ቤት ይሰጥዎታል! ቀድሞ የተነሳ ቀድሞ ይመርጣል» አላቸው። አመኑት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ከከተማው ዳር ውሃ በማይደርስበት ቆርቆሮ ቤት ወደቁ። ጎረቤት ተበተነ፤ ዕድሩም ፈረሰ። ሲሞቱ ድንኳን የሚተክልላቸው ጠፋ። አስከሬናቸውን የተሸከሙት ስማቸውን እንኳ የማያውቁ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዘመናይ ያን ቀን አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ «ቆይ ብቻ፣ ገብሬ» አለች።

ቆየችም። ዘንድሮ ያው ሰው ያንኑ ምላሱን ይዞ በእሷ ሰፈር ብቅ አለ። ሆቴል የሚሠራ ባለሀብት አግኝቶ፣ «ነዋሪው በፈቃዱ ይለቅልዎታል» ብሎታል።

ደግነቱ የሰፈሩ ዕድር ኑኃሚንን አስመጥቶ ነበር። ኑኃሚን የሕግ ባለሙያ ናት፤ ከዱከም እስከ ዝዋይ እየዞረች ዕድሮች ቤታቸውን እንዴት እንደሚያስጠብቁ ታሠለጥናለች። በዕድሩ አዳራሽ ቆማ እንዲህ አለች፦

«ደላላ የሚያሸንፋችሁ አንድ አንዳችሁን ስለሚያገኛችሁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሁላችሁም መልስ አንድ ይሁን፦ ‹ዕድራችንን ጠይቅ!› ደግሞም በሕግ ሳይወሰንባችሁ ‹ተነሺ› ብሎ ለሚጠራችሁ አቤት አትበሉ። በሉ እንለማመድ፤ ደላላውን ማን ይሁንልኝ?»

ዘመናይ ብድግ አለች። ሹራቧን እንደ ገብረወልድ ኮት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከዕድሩ ዳኛ ከኦቦ ገመዳ ፊት ተንበረከከች። «አባቴ ይሙት፣ እርስዎ እኮ ዕድለኛ ነዎት! ቀድሞ የተነሳ ቀድሞ ይመርጣል!»

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አሉ ኦቦ ገመዳ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «ኦቦ፣ እሺ አይባልም እኮ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አፏ ይጣፍጣል!»

ሁሉም ሲስቅ ዘመናይ ብቻ አልሳቀችም። ሰው ሲበተን ኑኃሚንን ያዘቻት። «ይሄን ሰውዬ ላዋርደው እፈልጋለሁ።»

«እትዬ ዘመናይ፣ በቀል የእግዚአብሔር ነው ተብሏል እኮ።»

«የእሱን መች ነካሁበት? እኔ የራሴን ድርሻ ነው ያልኩት።»

ገብረወልድ ባለሀብቱን ይዞ ለስብሰባ ሊመጣ ቀን ተቆረጠ። ዘመናይ ከቤት ቤት ዞራ፣ «ሲገባ ማንም እንዳይነሳለት፤ ኖር የሚለውም እንዳይኖር» አለች።

ኦቦ ገመዳ ደነገጡ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰው ገብቶ ኖር ሳይባል? ነውር ነው!»

«እናቴን ያለ ዕድር ማስቀበርስ ምንድን ነው፣ ኦቦ?»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ዳበስ አድርገው፣ «በቃ ጉልበቴን አሞኛል እላለሁ» አሉ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። በሩ ተከፈተና ገብረወልድ ባለሀብቱን አስከትሎ ገባ። ኦቦ ገመዳ ልማድ ሆኖባቸው ብድግ ሊሉ ሲቃጡ ዘመናይ ጋቢያቸውን ጨምድዳ አስቀመጠቻቸው። ሌላው ሁሉ ቁጭ እንዳለ ነው።

ገብረወልድን ግን ልማዱ ቀደመው። ዓይኑ ሳያይ አፉ ተናገረ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ኧረ በእግዜር! ኧረ በእግዜር! አትነሱ! በሞቴ አትነሱ!»

ቀና ሲል የተነሳ ሰው የለም።

«ሰማችሁ?» አለች ዘመናይ። «በሞቴ አትነሱ አለ! እሺ ገብሬ፣ በሞትህማ ከመጣህ አንነሳም! ጌታዬ፣» ወደ ባለሀብቱ ዞረች፣ «እርስዎም ምስክር ነዎት። ተነሺ የለም እዚህ።»

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ቀለጠ። ባለሀብቱ ወደ ደላላው ዞረ። «ሁሉም ተስማምተዋል አላልከኝም?»

«እ... እምቢ ያሉት ሁለት ሦስቱ ናቸው እንጂ ሌላው...»

«ሌላውን ይጠይቁት!» አለችው ዘመናይ ባለሀብቱን።

ባለሀብቱ አንዱን ጠየቀ፤ «ዕድራችንን ጠይቅ» አለው። ሌላዋን ጠየቀ፤ «ዕድራችንን ጠይቅ።» ዕድሩን ጠየቀ፤ ኦቦ ገመዳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አንለቅም» አሉ። ባለሀብቱ «ውሸታም!» ብሎ ደላላውን ጥሎት ወጣ።

ገብረወልድ ላቡን እየጠረገ ወደ ዘመናይ ጠጋ አለ። «ዘሜ፣ በእናትሽ፣ ያለፈው አልፏል...»

«እናቴን በአፍህ አትጥራት። ደግሞም አላለፈም።»

ሰው ሁሉ ይቅር በይው አላት። እምቢ አለች። ሻይዋን ለእህቷ ትታ ከኑኃሚን ጋር አሠልጣኝ ሆነች። ገብረወልድ ሞጆ ሄደ ሲሏት ሞጆ፣ መቂ ታየ ሲሏት መቂ። ዛሬ ሰውዬው የትኛውንም በር ሲያንኳኳ፣ ከውስጥ «ዕድራችንን ጠይቅ!» ይሉታል። ያኔ እሷ እዚያ ቀድማው እንደነበረች ያውቃል፤ ኮቱን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ሚኒባስ ይሳፈራል። እሷም ትከተላለች።

ቂም ደግ ነው አልላችሁም፣ ልጆቼ። የእሷ ቂም ግን የስንቱን ጣሪያ አቆመ! እናንተም ብቻችሁን ስትሆኑ መጥቶ ማር የሚያወራ ሰው ቢገጥማችሁ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጎረቤት ጥሩ። ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ፤ አደራ።