የዘበኛው ሒሳብ

ሙቴው ስልኳ ጢን ሲል ማንዳዚዋን፣ ጠዋት የምትበላውን የተጠበሰ ዳቦ፣ በሻይ እየነከረች ነበር። ከባንክ የመጣ አጭር መልእክት ነው። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ማንዳዚው ሻዩ ውስጥ ሟሙቶ ቀረ። ከድርጅቱ ካርድ ላይ ሰማንያ ስድስት ሺህ ሺሊንግ ተቆርጧል። የወሰደው ደግሞ ሌባ አይደለም፤ ዘበኛው ነው።

ዘበኛው የሚሉት ሰው እንዳይመስላችሁ። ሙቴውና ባልደረባዋ ማኮካ የስልክ መተግበሪያ እየሠሩ ያድራሉ። ወደ መተግበሪያው የሚገባውን ሁሉ «ማነህ? የይለፍ ቃልህስ?» እያለ በር ላይ የሚያጣራላቸው ግን ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያ ነው፤ ክፍያውንም በየወሩ ከካርዳቸው ራሱ ቆርጦ ይወስዳል። ዘበኛው ብሎ ስም ያወጣለት ማኮካ ነው። «የናይሮቢ ዘበኛ እንኳ የሻይ ብሎ ይጠይቃል፤ የእኛው ሳይጠይቅ ኪስ ይገባል» ይላል። እስከዚያ ወር ድረስ ከአራት ሺህ በላይ ወስዶ ስለማያውቅ ቀልዱ ያስቃቸው ነበር።

አሁን ግን ማን ይስቃል? ካርዱ ላይ የነበረው የቢሮው ኪራይ ነው። ቢሯቸው ሮይሳምቡ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያለች፣ የፀጉር ማድረቂያ ሽታ የማይለያት ጠባብ ክፍል ናት። አከራዩ ደግሞ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ኪራዩ ካልገባ በሩ ላይ የራሱን ጓጉንቸር ሰክቶ የሚሄድ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተርህ ውስጥ፣ አንተ ውጭ።

ሙቴው የዘበኛውን ዝርዝር ከፈተች። ዘበኛው የሚያስከፍለው በሰው ቁጥር ነው። በወሩ ውስጥ አንዴም ይግባ መቶ ጊዜ፣ የገባ ሰው አንድ ሰው ነው። ቁጥሩ ከልኩ ሲያልፍ ራሱ ወደ ትልቁ ክፍያ ያሻግራቸዋል፤ ሲዋዋሉ በደቃቁ ተጽፎ ነበር፣ እነሱም እንደ ማንኛውም ሰው ሳያነቡ «እስማማለሁ» ብለው ነበር። ባለቀው ወር የገቡት ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው።

«ከየት የመጣ ሁለት ሺህ?» አለች ብቻዋን። ደንበኛቸው አንድ ነው፤ ከመሃል ከተማ ጊቱራይ የሚመላለሱ፣ ማታቱ የሚባሉ ሚኒባሶች ባለቤቶች ያቋቋሙት ታራጂ የሚባል ማኅበር፤ መኪኖቹ የየዙሩን ሒሳብ በመተግበሪያው ይመዘግባሉ። ያለው ስልሳ አራት መኪና ነው። ስልሳ አራት ሾፌር፣ ስልሳ አራት ወያላ፣ ቢሮ ውስጥ ሻይ የሚጠጡ ጥቂት ሰዎች። በቃ።

የዘበኛውን ቁልፍ የያዙት እሷና ማኮካ ብቻ ናቸው። እሷ ማንንም አላስገባችም። እንግዲህ ማነው የቀረው?

ያን ጊዜ የማኮካ የእህቱ ባል ትዝ አላት። ቄስ ነው፤ ባለፈው ወር ለቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን መተግበሪያ በነፃ ሥራልኝ ብሎ ማኮካን ሲያስጨንቀው ነበር። ማኮካ «እምቢ አልኩት» ብሏታል። አሁን ግን ምእመናኑ በሙሉ በእነሱ በር፣ በእነሱ ካርድ ሲገቡ ታያት። አብረው ከተማሩበት ጊዜ ጀምሮ እንደ ወንድም የምታየው ሰው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ያደገች ሴት ናትና ምንም ሳትነግረው ልትይዘው ወሰነች።

ማኮካም የረዳት ይመስላል። በማግስቱ አርፍዶ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ በእግሩ መጣ። የሞተር ብስክሌቱን ቆብ የሚሰቅልበት ሚስማር ባዶውን ነው።

«ሞተርህስ?» አለችው።

«ጋራዥ ናት» አለ፤ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳያነሳ።

ማኮካ ሞተሩን ለሌላ ሰው እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ዘይቷን ራሱ ይቀይራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ያጥባታል፣ ስም እንኳ አውጥቶላታል። ሙቴው «ይዋሻል፤ ጥፋተኛ ባይሆን ዓይኔን ያይ ነበር» አለች በሆዷ። ቀኑን ሙሉ በዚያች ጠባብ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው «ቻርጀሩን አቀብለኝ» ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። እሷ ግን ለዘበኛው ኩባንያ ጻፈች።

ፊሊፓ የምትባል ሴት በማግስቱ መለሰችላት። ሰዎቹ በሙሉ የገቡት በታራጂ መተግበሪያ ነው፤ ሁሉም በየራሳቸው ስልክ ቁጥር ነው፤ ቁጥሮቹን ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ምክንያቱን አግኝታችሁ ካስተካከላችሁ፣ የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ስለሆነ ልዩነቱን እንመልስላችኋለን። ሙቴው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አነበበቻት። ግን «ምክንያቱ» ከኋላዋ ተቀምጦ ጭንቅላቱን እያከከ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን በታራጂ በር አሹልኮታል ማለት ነው። ማስረጃ ፍለጋ ወደ ደረጃው ወጣችና ከቁጥሮቹ አንዱን ደወለች። የመዘምራን ድምፅ ነበር የጠበቀችው።

«ሃሎ? ይቅርታ፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ነዎት?»

«ምንድን ነው የምትይው?» አለች ወፍራም የሴት ድምፅ፤ ከኋላዋ ጥሩምባ ይጮኻል። «በዚህ ፀሐይ ልታጠምቂኝ ነው? እንቁላል ከፈለግሽ ንገሪኝ!»

«አይ... የታራጂን መተግበሪያ ተጠቅመው ነበር ወይ ለማለት ነው።»

«አሃ! የታራጂ ሰላይ ነሽ! ስሚ እህቴ፣ እኔ የሠራሁት ሦስት ዙር ብቻ ነው። ሒሳቡን እስከ መጨረሻዋ ሺሊንግ አስረክቤያለሁ። ከጎደለ ወያላውን ያዢው፤ ያ ሆዳም ሲበላ ነው የዋለው!»

ሙቴው ቦርሳዋን አንጠልጥላ የታራጂ መኪኖች ወደሚቆሙበት ወደ ጊቱራይ ፌርማታ ሄደች።

ሴትዮዋን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ድምፅዋ ከማታቶቹ ጥሩምባ በላይ ይሰማል። ዋይሪሙ ትባላለች፤ ጊቱራይ ፌርማታ ላይ የተቀቀለ እንቁላል በቲማቲምና በሽንኩርት ሞልታ ትሸጣለች። ሙቴው ገና አፏን ሳትከፍት አንድ የታራጂ ማታቱ መጥቶ ቆመ። ወያላው ዘሎ ወረደና «እናት፣ አንድ ዙር ያዢልኝ፣ ኡጋሊ ቀምሼ ልምጣ» አለ። ዋይሪሙ የእንቁላል ባልዲዋን ለጎረቤቷ አቀብላ ስልኳን አወጣች፤ የመኪናውን ቁጥር፣ የራሷን ቁጥር፣ የይለፍ ቃሏን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ገባች። ሾፌሩም በሌላ በኩል ወርዶ መሪውን ለአንድ ባለ ሱፍ ኮፍያ ሰውዬ ሰጠ። ሰውዬውም ስልኩን አወጣ። ገባ።

ሙቴው ደርቃ ቀረች። ስኳድ!

እነዚህን ሰዎች ዕድሜዋን ሙሉ ታውቃቸዋለች። የመኪናው ሰው ሲርበው፣ ሲደክመው፣ ዕዳ ሲጠራው አንድ ሁለት ዙር የሚሠሩለት ተተኪዎች ናቸው። ስኳድ ሳይነካው ቀኑን የሚጨርስ ማታቱ የለም፤ እሷም ለስንቱ ስኳድ ሒሳብ ከፍላለች፣ ከስንቱ ጋር በመልስ ተጣልታለች። ሆኖም ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ እሷም ማኮካም «አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ ወያላ» ብለው ጻፉ። የሮይሳምቡ ልጆች አይደሉም፣ የጨረቃ ልጆች ናቸው!

«ለምንድን ነው ሁላችሁም በየራሳችሁ ስልክ የምትገቡት?» አለች።

«የታራጂ ሊቀመንበር ነዋ! ካለፈው ወር ጀምሮ ገንዘብ የነካ ሁሉ በገዛ ቁጥሩ ይግባ፣ ኋላ እኔ አልነበርኩም እንዳይል አለ። የፈረደበት ስልክ!»

«ስንት ትሆናላችሁ?»

ዋይሪሙ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ከተማ ሥራ የሌለውን ሰው ቁጠሪልኝ እንዳልሽኝ ቁጠሪው።»

ማኮካ አልሰረቀም። ሙቴው ይህን ስታስብ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ቀን እህል አልወርድ ያላት ሴት እዚያው ፀሐይ ላይ ቆማ ሦስት እንቁላል በላች። የኪራዩ ነገር ትዝ ያላት የቢሮውን ደረጃ ስትወጣ የሕንፃውን ጠባቂና ኪራይ ሰብሳቢ፣ ሽማግሌውን ምዜ ኦንዬጎን ቁልፋቸውን እያቅጨለጨሉ ሲወርዱ ባገኘቻቸው ጊዜ ነው።

«ምዜ፣ ትንሽ ቀን ይታገሱኝ። ነገ ቀኑ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ገንዘቡ ይመለስልናል...»

«የምኑ ገንዘብ ልጄ?»

«የኪራዩ።»

«ኪራዩ እኮ ተከፍሏል! ማኮካ ነው የከፈለው። ሞተሩን ለወንድሜ ልጅ አስይዞ ተበድሮ። አልነገረሽም?» ሽማግሌው አፋቸውን ያዙ። «ኧረ አይንገሯት ብሎኝ ነበር። እንግዲህ እርጅና ነው፤ አልሰማሽም በይ።»

ሙቴው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ተነሥታ ስትገባ ማኮካ እንደተለመደው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ሞተርህ የት ናት?»

«ጋራዥ አልኩሽ እኮ።»

«ምዜ ኦንዬጎን አገኘኋቸው።»

ማኮካ ወንበሩን ቀስ ብሎ አዞረ። «እሳቸው ደግሞ ከሕንፃው ይልቅ ምላሳቸውን ቢጠብቁ ምናለ!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? የዘበኛው ደረሰኝ ለእኔም ይመጣል እኮ፤ ያን ጠዋት ነው ያየሁት። ወንድምሽ ለሆቴሉ መተግበሪያ በነፃ ሥሪልኝ እያለ ሲያስለቅስሽ እንደከረመ አውቃለሁ። በእኛ በር አስገብታው ይሆናል አልኩ። ወንድም ነው፣ ምን ታደርጊ? ዝም ስትይ ደግሞ አፍራ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«እና ሰረቀች ብለህ ኪራይ ከፈልክልኝ?»

«ሰረቀች አላልኩም» አለ ማኮካ። «ተቸግራለች ነው ያልኩት።»

ሁለቱም ያዩት አንድ ደረሰኝ ነው፤ ሁለቱም ጠረጠሩ። እሷ የምታባርርበትን ቀን ስታሰላ፣ እሱ የሚያስይዘውን ነገር ሲፈልግ ነበር። ሙቴው እንባዋ መጣ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብሎ መተው አይቻልም።

«እኔ አንተን ሌባ ብዬሃለሁ» አለችው። «የቄሱን ምእመናን ያስገባህ መስሎኝ ላባርርህ ነበር። ዛሬም ማስረጃ ፍለጋ ነበር የወጣሁት።»

ማኮካ አፉን ከፍቶ አያት። «አግኝተሽ ነው የመጣሽው?»

«ስኳድ ናቸው! ሁለት ሺሁም ስኳድ ናቸው!»

ገባው። ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ ከዚያ ወንበሩ እስኪንቋቋ ድረስ ሳቀ። «ትናንት እኮ ከስኳድ ጋር በአሥር ሺሊንግ መልስ ስደባደብ ነበር! ሞተር የሌለው ሰው የማያየው የለም!» እሷም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከታች ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ምን ነካቸው ብለው ጣሪያውን ሳያዩ አልቀሩም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ነው። በሩ በሰው ሳይሆን በመኪና እንዲሆን አደረጉት፤ የሚገባው መኪናው ነው፣ መሪ ወይም ቦርሳ የያዘ ሁሉ ደግሞ ውስጥ ስሙን ይጽፋል። ዘበኛው ከእንግዲህ ስልሳ አራት መኪናና ጥቂት የቢሮ ሰው ቢቆጥር ነው። ሊቀመንበሩም ስም እስከተጻፈ ድረስ ግድ አልሰጣቸውም፤ ዋይሪሙ ብቻ የይለፍ ቃሌን በከንቱ ሸመደድኩ ብላ ተቆጣች። ሙቴው ሁሉንም ለፊሊፓ ጻፈችላት። ስኳድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብቻ ገጽ ሙሉ ፈጀባት።

ሰኞ ጠዋት ሙቴው ማንዳዚዋን በሻይ እየነከረች ሳለ ስልኳ ጢን አለ። ከባንክ ነው። አልከፈተችውም።

«ማኮካ፣ ና አብረን እንየው» አለች።

ማኮካ መጥቶ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያም ሞተሩን የያዘው የምዜ ኦንዬጎ የወንድም ልጅ በዚህ ሰዓት የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።