የደረቀው የሰላጣ መደብ

ሰፈሩ «ዓሣው» ብሎ የሚጠራው ሰው ሥራው የዓሣ ኩስ መጠበቅ ነው። እሱ ራሱ «የማጣሪያ ክፍል ኃላፊ ነኝ» ይላል፤ ነገሩን ለማሳመር ነው እንጂ ክፍሉ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው የለም። በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ዓሣ የሚረባባቸው አሥራ ሁለት ገንዳዎች አሉ። ኩሱና የተረፈው መኖ በማጣሪያው ተለይቶ፣ ጥቁር ወፍራም ዝቃጭ ሆኖ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱ ግን እስከ አፉ ሞልቶ የሰሞኑ ዝቃጭ በበርሜል መጠራቀም ጀምሯል። የመጋዘኑ ባለቤትም ቁርጡን ነግሮታል፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የሚወስድ ካልተገኘ ገንዳዎቹ ይዘጋሉ፣ እሱም ይሰናበታል።

በአቅራቢያው ማዳበሪያ የሚፈልግ ሰው ቢባል አንድ ብቻ ነው፤ ችግኝ አፍልተው የሚሸጡት የሚስቱ እናት። ሴትዮዋ ደግሞ አማቻቸው ገና በበር ሲገባ አፍንጫቸውን የሚይዙ ናቸው። ስንት ጊዜ ለምኖ፣ ሚስቱንም አማላጅ ልኮ፣ በመከራ አንዲት የሰላጣ መደብ ፈቀዱለት። ካማረ ሁሉንም እወስዳለሁ፣ ካላማረ ግን ሁለተኛ የዓሣ ነገር እንዳታነሳብኝ ብለው አስጠነቀቁት።

ዓሣው ጊዜ አላጠፋም። ትኩሱ ይሻላል ብሎ ከበርሜሉ ሁለት ባልዲ ቀዳ፣ በውሃ በጥብጦ መደቡን አጠጣላቸው። በአራተኛው ቀን ሲመለስ ሰላጣው ጫፍ ጫፉ ተቃጥሎ መሬት ላይ ተኝቷል።

የገረመው ግን አማቱ አለመቆጣታቸው ነው። መደቡ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ያገላብጣሉ። ባለፈው ወር ቃሪያውም አልበቅል ብሏቸው ስለነበር፣ ዝቃጩን ለመጠርጠር እንኳ አላሰቡም።

«እጄ ነው» አሉት ቀስ ብለው። «አርጅቷል፤ የነካሁት ሁሉ መክሰም ጀመረ። ከእንግዲህ ችግኙን ብተወው ይሻለኛል።»

ዓሣው ነገሩ የገባው ገና መደቡን እንዳየ ነበር። በዚያ ሳምንት ዓሣዎቹን ተባይ ይዟቸው ጨው ውሃ ውስጥ ሲነከሩ ሰንብተዋል፤ ጨዉን በጆንያ የገለበጠውም እሱ ራሱ ነው፤ ያ ጨው ከኩሱ ጋር በርሜሉ ውስጥ ገብቷል። ዝም ቢል ጥፋቱ በእጃቸው ተላክኮ ይቀራል፤ አግባብቶ ሌላ መደብ ማስፈቀድም አያቅተውም። ቢናገር ግን ሥራው አበቃለት። ሆኖም ሴትዮዋ አንጀቱን በሉት።

«የእርስዎ እጅ አይደለም፣ እማማ» አለ። «ጨው ነው። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። አማቱ አፈሩን ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ነካ አደረጉት፤ ተፉት፤ ከዚያም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለካ ቃሪያውም ዘሩ አሮጌ ኖሯል፤ ይኸውና አሁን ትዝ አላቸው።

«ጉድጓዱ ውስጥ ያለውስ?» ሲሉ ጠየቁት።

«እሱን ጨው አልነካውም።»

ከነገ ጀምሮ ሁሉንም እንዲያመጣ አዘዙት። ግን እያንዳንዱን ባልዲ ከመጫኑ በፊት መቅመስ አለበት። ዓሣው የሚቀልዱ መስሎት ፈገግ አለ፤ እሳቸው ግን አልቀለዱም።

«የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ» አሉት፣ አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ። «ለኔ የሚልስ አማች ይሻለኛል።»