የዘጠነኛው ፎቅ የመጨረሻ ፊርማ

የምንኖርበት ፎቅ ሊፈርስ ነው ሲባል እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምን አፍራለሁ? ሊፍቱ ከቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ውሃ እያስገባ የስፌት መኪናዬን በላስቲክ እሸፍናለሁ። የቤቶች ጽሕፈት ቤት ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ አዲስ ቤት እየሠራልን ነው፤ ኪራዩም እንደ አቅማችን ነው። እስከ ዓርብ የፈረመ አዲሱ ቤት ይገባል። ያልፈረመ ከተማው ዳር ክፍት ቤት በተገኘበት ይመደባል።

ከዘጠነኛ ፎቅ ያልፈረመች አንዲት ሰው ቀረች፤ እናቴ። ቤቱ በስሟ ነው። ዓይኗ ማየት ካቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

"ለምንድነው የማትፈርሚው?" አልኳት ሐሙስ ጠዋት።

"ደስ አላለኝም።"

"ደስ አላለኝም ምን ማለት ነው? እማዬ፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ ዘጠኝ ፎቅ የምወጣው እኔ ነኝ እኮ!"

"ማን ተሸከሚ አለሽ?"

ደሜ ፈላ። በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ፤ ወዲያው ግን ለበሩ አዘንኩለት፤ ማጠፊያው እንደ ነገሩ ነው የተያዘው።

ደረጃው ላይ ሜትሮን አገኘሁት። ሜትሮ ሰባተኛ ፎቅ የሚኖር አናጢ ነው። መለኪያው ከኪሱ አይለይም፤ አንዴ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ የአልጋውን ርዝመት ሲለካ ተይዟል። የሆነውን ሁሉ ዘከዘክኩለት።

"የአዲሱን ቤት ፕላን አሳየሻት?" አለኝ።

"በየት ዓይኗ ልታየው?"

"እኔም እሱን ነው የምልሽ። ወረቀቱን አምጪው።"

ዓርብ ጠዋት ስወርድ አዲሱ ቤታችን ግቢው ውስጥ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ሜትሮ እያንዳንዱን ግድግዳ በልኩ በጣውላ መሬት ላይ አስተኝቶታል። በአልጋ ቦታ ሣጥን፣ በምድጃ ቦታ በርሜል አድርጓል። ከሱቁ ያላለቁ በሮች አምጥቶ ከነመቃናቸው በድጋፍ እንጨት አቁሟቸዋል። ጎረቤት በረንዳ ላይ ወጥቶ "ጣሪያውስ?" እያለ ያሾፍበታል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይለካል።

እናቴን ለማውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ በየደረጃው ታጉረመርማለች። ታች ስንደርስ የጽሕፈት ቤቱ መሐንዲስ ፎርሞቿን ይዛ ቆማለች፤ ወጣት ሴት ናት።

እናቴ ጣውላውን በእግሯ ጫፍ ነካችው። "ይሄ ምንድነው?"

"የሳሎንዎ ግድግዳ ነው፣ እማማ" አላት ሜትሮ።

ክንዷን ልይዝ ስል መነጨቀችኝ። "ልቀቂኝ! እዚያ ላይ በገዛ ቤቴ ማንም አይመራኝም። ከአልጋዬ እስከ ምድጃው አሥራ አራት እርምጃ ነው። አዲስ ቤት ገብቼ እንደ ዕቃ ወዲህ ወዲያ ስታደርጊኝ ልኑር?"

ለካ የፈራችው ይሄን ነው። እኔ ስለ ጉልበቴ ሳማርር አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። በጣም አፈርኩ።

ለቀቅኳት። ጣውላውን በእግሯ እየዳበሰች፣ በሹክሹክታ እየቆጠረች ዞረች። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍታ ገባች፤ ስትወጣ ክፍቱን ተወችው። ከመኝታ ቤት ስትመለስ ትከሻዋ ከተከፈተው በር ጠርዝ ጋር ተላተመ።

"ማነው ይሄን እዚህ የገተረው?"

ሁላችንም ሜትሮን አየነው። ሜትሮ ፕላኑን ለመሐንዲሷ ዘረጋላት፤ በሩ ልክ እንደ ተሣለው ወደ ኮሪደሩ ነው የሚከፈተው።

"ኮሪደሩ እኮ በቂ ስፋት አለው" አለች መሐንዲሷ።

"እስቲ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሂጂበት፣ ልጄ" አለቻት እናቴ።

ጨፈነች። ሄደች። ተላተመች። በረንዳው ሁሉ አውካካ። እሷም ግንባሯን እያሻሸች ሳቀችና እስክሪብቶ አውጥታ በሩን ሰረዘችው። "ተንሸራታች በር ይሆናል፤ በሁሉም ቤት። ግንባታው እዚያ ስላልደረሰ ጊዜ አለን። መጀመሪያ እኔ ልፈርምልዎ።" ፕላኑ ላይ ፈረመችበት።

ሜትሮ በሩን ሲያነሣው እናቴ ከአልጋው ተነሥታ እንደገና መቁጠር ጀመረች። ምድጃው ጋ ስትደርስ "አሥራ አንድ" አለች። ሁለተኛ ዞረች። በሦስተኛው መቁጠሯን ትታ ሳሎኑ መሃል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ብርሃኑ በየት ነው የሚገባው?"

"በግራሽ" አልኳት።

"እንግዲያው የስፌት መኪናሽ እዚህ ትሆናለች።"

እንባዬ መጣ። ሐሳቧን ሳትቀይር ላስፈርማት ፎርሙን ከመሐንዲሷ እጅ ነጥቄ ጣውላውን ዘልዬ ገባሁ። የእግሬን ኮቴ ሰማችው።

"አንቺ! ሰው ግድግዳ ጥሶ ነው ቤቴ የሚገባው? ውጪና በበሩ ነይ!"

ፎርሙን ይዤ ወጣሁ፤ ዞሬ በሩን አንኳኳሁ።

"ግቢ" አለች።