የሽማግሌው ክሶር ተራ

ላይኛው ሁለት መቶ አስራ ስምንት፣ ታችኛው መቶ ሃያ። ሳጅን ጽጌወይን የደም ግፊት ማሽኑን ስላላመነችው በሽማግሌው ሌላኛ ክንድ ደገመችው። ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም።

ወረርሽኙ ገና አልለቀቀም፤ የ2021 የፀደይ ቅዳሜ ነው። ጽጌወይንና አስር የጦር ባልደረቦቿ የእረፍት ቀናቸውን ትተው፣ ዊትኒ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሞንታኛርዶችን በነፃ ሊመረምሩ መጥተዋል። ሞንታኛርዶች የቬትናም ደጋ ሰዎች ናቸው፤ በጦርነቱ ከአሜሪካኖች ጎን ተሰልፈው፣ ኋላ አገር አልባ የሆኑ። ፊቷ የተቀመጡት የሰባ አምስት ዓመቱ ክሶር ያን ጊዜ የቁስለኞች ሐኪም ነበሩ፤ የእሷው ሙያ።

«አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብዎት» አለቻቸው።

ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ በሆቴል ጽዳት የምትሠራው ልጃቸው ህቢያ አስተረጎመች። ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«የመጣሁት ወታደሮቹን ልቀበል ነው። ምንም አላመመኝም።»

ተነሡ። ከኋላቸው ተራ ይጠብቁ የነበሩ አዛውንቶችም እሳቸውን አይተው ጃኬታቸውን አነሡ።

የጽጌወይን አባትም እንዲሁ ነበሩ። «ድካም ነው» እያሉ ከሺፍት ወደ ሺፍት ሲሮጡ፣ አንድ ቀን በሚሠሩበት ካዚኖ ማብሰያ ቤት ወድቀው ቀሩ። እሷ ሥልጠና ላይ ነበረች።

ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ቆስሎ ‹አልሄድም› የሚልዎትን ሰው ምን ያደርጉት ነበር?»

ህቢያ መልሳቸውን አስተረጎመች።

«አልለምነውም ነበር። አዝዘው ነበር።»

«እኔ እርስዎን ማዘዝ አልችልም፤ ይበልጡኛል። ራስዎን ይዘዙ።»

ክሶር ወደ ሰልፉ ዞረው በቋንቋቸው ጥቂት ቃላት ተናገሩ። አዛውንቶቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ቃሬዛውን በእጃቸው ገፋ አድርገው በእግራቸው ወጡ። ማንም ሳያዛቸው ወታደሮቹ ግራና ቀኝ ቆመው መንገድ ለቀቁላቸው። ጽጌወይን ክርናቸውን ይዛ ከጎናቸው ስትራመድ፣ የለበሰችው ዩኒፎርም እንደዚያን ቀን አኩርቷት አያውቅም።

የአምቡላንሱ በር ከመዘጋቱ በፊት አንድ ነገር ተናገሩ። ህቢያ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«‹ቀጥላ ያለችው ሴት መርፌ ትፈራለች፤ መጀመሪያ አጫውቻት› ይሉሻል።»

ጽጌወይን ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ሴትየዋ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ጽጌወይን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ስሟን ጠየቀቻት።