የጠወለጉት ቅጠሎች

አባቷ ሲጋራ ካቆሙ ወዲህ የትምባሆ ስም ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። ልጃቸው ደግሞ ሥራዋ ትምባሆ ማብቀል ነው።

«እኔን ተቆጥተሽ አስጥለሽኝ፣ አንቺ እሱኑ በመስታወት ቤት ታሞላቅቂዋለሽ» ይሏታል።

«የሚጨስ አይደለም አባዬ፣ መድኃኒት ነው» ትላቸዋለች።

እውነቷን ነው። እሷና ባልደረቦቿ ተክሎቹን ዘቅዝቀው ባክቴሪያ ያለበት ውሃ ውስጥ ይነክሯቸዋል። ባክቴሪያው የተሰጠውን የዘረመል ትእዛዝ ይዞ ወደ ቅጠሉ ይገባል፤ ቅጠሉም በቀናት ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታን የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ተጣርቶ፣ ፈተናውን ሁሉ ካለፈ፣ ውሻ ለነከሰው ሰው ይሰጣል።

ሁለት ዙር ከሽፎባቸዋል። ሦስተኛውም ካልተሳካ ሥራው እንደሚዘጋ አለቃቸው በግልጽ ነግሯቸዋል። የሦስተኛው ዙር ተክሎች ከተነከሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እሑድ፣ የመስታወት ቤቱ ማቀዝቀዣ ቆመ። ሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ገረፈው። ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

አብሯት የሚሠራው የላብራቶሪው ሰውዬ ከኋላዋ መጥቶ አንዱን ቅጠል በጣቱ ዳሰሰ። ቁጥብ ሰው ነው።

«ጠውልጓል እንጂ አልሞተም። አሁኑኑ እንቁረጠው።»

«ምን ሊገኝበት?»

«ሳናየው አንቀብረውም። ተነሺ በይ።»

ተነሳች። ቀኑን ሙሉ ሲቆርጡ፣ በበረዶ ውስጥ ሲፈጩ፣ ሲያጣሩ ዋሉ። አረንጓዴው ጭማቂ እጅጌዋን አበላሸው፤ ምሳም ትዝ አላላትም።

በማግሥቱ ጭማቂውን በትንንሽ ጉድጓዶች የተሞላ ሳህን ላይ ጠብ ጠብ አድርገው መፈተሻ ፈሳሽ ጨመሩበት። ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፤ ከሌለ እንደ ውሃ ጠርቶ ይቀራል። ሰውዬው ሳህኑን ትኩር ብሎ ያያል፤ እሷ ግን ማየት አቅቷት መስኮቱን ታያለች።

«ዞር በይ» አላት ቀስ ብሎ።

ለማነጻጸሪያ ካልተነከረ ተክል የተወሰደው ጭማቂ ያለበት ጉድጓድ ጠርቶ ቀርቷል። የነሱ ግን ቢጫ ነው፤ ደማቅ ቢጫ። ሰኞ ጠዋት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደላት፤ እንባዋ ዝም ብሎ ፈሰሰ። ሰውዬው መሐረብ ፈልጎ ቢያጣ የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ሰጣት።

«ገና ብዙ ፈተና ይቀረዋል» አላት።

«አውቃለሁ። ዛሬን ተወኝ።»

ቤት ስትገባ አባቷ ፊቷን አይተው ደነገጡ።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ተረፈልኝ አባዬ።»

«ማን?»

«ትምባሆው።»

አባትየው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሳቁ አመለጣቸው። ራት አቀረቡላት። ሁለት ቀን እህል ያልቀመሰች ይመስል ጠራርጋ በላችና እዚያው ወንበሩ ላይ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት። አባቷም ቀስ ብለው ጫማዋን አወለቁላት።